ትናንት የሌለው ረድፍ

ሐሙስ ማታ ነው፣ ኪርያት ጋት።
ሮኒት ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ «ከመውጣትሽ በፊት
የቆሙትን ቆጣሪዎች አውጪልኝ» ብላኝ ሄዳለች።
የሃያ ሺህ ቤት ውሃ ፊቴ ተደርድሯል፤
በየሌሊቱ አንድ ረድፍ፣ በየረድፉ አንድ ቀን።

ቆጣሪ ግን አይናገርም ዛሬ ስንት እንደቀዳን፤
የሚያውቀው ከተተከለ ጀምሮ ያለውን ድምር ነው።
የዕለቱን የፈለገ ከዛሬ ላይ ትናንትን ይቀንስ።
ስለዚህ አንዱን ሰንጠረዥ በሁለት ስም ጠራሁት፤
አንዱን «ዛሬ» አልኩት፣ አንዱን «ትናንት»፣
ራሱን ከራሱ ጋር፣ አንድ ቀን ፈቀቅ አድርጌ፣ አጋጠምኩት።

መጀመሪያ ተሳሳትኩ።
ከበላዩ ያለውን ረድፍ ትናንት ነው ብዬ አመንኩት።
በአሥራ አራት ሌሊት ለካ አስተላላፊው ጠፍቶ ነበር፤
አሥራ አምስት ተጠግቶ አሥራ ሦስትን አቅፏል፣
የሁለት ቀን ውሃ በአንድ ቀን ስም ተጽፏል።
ከላይ ያለ ሁሉ ትናንት አይደለም።
አረምኩት። ትናንት ላጣ ቀን ባዶ ይመለስለት፤
ባዶ እንጂ ዜሮ አይሁን።
ዜሮ «አልጠጣሁም» ይላል፤
ባዶ «ማን ጠይቆኝ?»

ከዚያ አንድ ቆጣሪ፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣
በአምስተኛው ቀን መቶ ሃያ ሊትር፤
ደግሞ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።
በደንቡ ብልሽት ነው፣ ሠራተኛ ይላክ።
ስሙን አየሁት፦ ቢያድግልኝ ጀንበሩ፣ አራተኛ ፎቅ።

ደወልኩ።
«አልተበላሸም ልጄ» አሉኝ፣ «ዋናውን የምዘጋው እኔ ነኝ።
ስድስት ጄሪካን አለኝ፤ በአምስት ቀን አንዴ እሞላለሁ።»
«ቧንቧው እኮ ሁልጊዜ አለ፣ አባባ።»
ዝም አሉ። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል።
«ገዳሪፍ ሳለን ቦቴው የሚመጣ በአምስት ቀን ነበር።
አንዴ በአምስተኛው ቀረ። በስድስተኛውም። በሰባተኛውም።
ትናንት መጣ ማለት ዛሬ ይመጣል ማለት ነው እንዴ?»

እነዚያ ቀኖች በየትኛው ሰንጠረዥ አሉ?
ማንም አላነበባቸው፣ ረድፍ የላቸውም፤
ዛሬን ከእነሱ ጋር ባጋጥም የሚመለስልኝ ባዶ ነው፣
እሳቸው ግን በየአምስት ቀኑ ይቀንሱታል።

ከዝርዝሩ አወጣኋቸው። በማስታወሻው ዓምድ
«ቆጣሪው ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ለሮኒት ይበቃታል።
ስልኩን ልዘጋ ስል ጠየቁኝ፦
«አንቺስ፣ እቤትሽ የተቀዳ ውሃ አለሽ?»