ብቻሽን ነሽ?

ማታ ነው የገባሁ፣ አውቶቡሱ ደክሞ፤
መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ማርቆስ ዓይኑን ከድኖ ተኝቶ አስቀድሞ።
"ወራጅ!" ሲሉ ወረድኩ ከነትንሽ ሻንጣ፤
ማንም አልጠበቀኝ፤
ብርዱ ብቻ እንደ ዘመድ መናኸሪያ መጣ።

እኔ የድሬ ልጅ፣ በሽቲ፣ በሸበጥ፣
ኅዳር አሥራ አንድ ማታ፣ ጥርሴ ሲንቀጠቀጥ፣
አልጋ ቤት ገባሁኝ። ጸሐፊው በሻማ መዝገቡን ገለጠ፤
"ስም?" አለኝ። "ነዒማ።"
"ነይማ" ብሎ ጻፈው፣ ስሜ በእጁ ተለወጠ።
ላርመው ነበረ።
ግን ወንድሜ ሱቅ ውስጥ፣ ከሚዛኑ ኋላ፣
ሃያ ዓመት ስቀመጥ
"አንቺ!" ነው የምባል፤ "ነይማ" ያለኝ የለም፣ ከዚህ ልጅ በቀር ሌላ።
ተውኩት።
"ብቻሽን ነሽ?" አለ።
"ብቻዬን" ስለው፣ ቃሉ በቅዝቃዜው ጭስ ሆኖ ወጣ፤
ሁለታችንም አየነው፣ ወደ ኮርኒሱ ሲሄድ፣ ሲታጣ።

ክፍል ሰባት። ቁልፉ ከግንድ ጋር ታስሮ፤
ማን ሰርቋቸው ኖሯል፣ ከኔ በፊት አድሮ?
አልጋው አንድ፣ ትራሱ ሁለት፤
አንዱን ተንተራስኩ፣ አንዱን አቀፍኩት።
ሙቅ ውሃው "ይመጣል" ተብሏል፤ መቼ እንደሆነ አልተነገረም።
ሌሊቱን የሰማሁት ውሻ፣ ቅዳሴ፣
ቧንቧው ውስጥ የሆነ ነገር ሲያጉረመርም።

ነጋ።
ነጭ የለበሰ ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤
ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ወዴት እንደሚሄድ ግን ሁሉም ያውቀዋል።
እኔ ብቻ ቆሜ፣
ቅቅል ድንች ከምትሸጥ ሴት እንፋሎት ላይ እጄን አሙቄ፣
ዋጋውን ስትነግረኝ "አቦ!" አልኩኝ ስቄ።
ቀና ብላ አየችኝ።
"አቦማ በአምስት ነው፤ ዛሬ ሚካኤል ነው፣ አንች" አለች በእርጋታ፤
ቀን የጠፋኝ መስሏት አንድ ድንች መረቀች፣ የእንግዳ ስጦታ።
እኛ ዘንድ "አቦ" እኮ "እፎይ" ማለት ነው፣ "ተወኝ" ማለት፣ "ውይ" ማለት ነው፤
እዚህ ጻድቅ ነው። ቃሉን አፌ ውስጥ ይዤ ቀረሁ፤
ማንን ልጥራው?

"ብቻሽን ነሽ?" አለች እሷም።
ዘበኛውም አለ። ጫማ ሻጩም አለ።
ለአንዱ "ሥራ" አልኩት፣ ለሌላው "ዘመድ ጥየቃ"፤
ውሸቴ እንዳይምታታ በደረሰኝ ጀርባ ጻፍኩት፣
እንደ ዱቤ መዝገብ፣ ሌሊት ስነቃ።
እውነቱማ፣ ስሜን ማንም በማያውቅበት ቦታ
ስሜ ምን እንደሚል መስማት ነው፤
ይሄ ለማን ይነገራል፣ በመንገድ ሰላምታ?

በሦስተኛው ቀን ጠፋሁ።
"ቅርብ ነው" ብለውኝ፤ የዚህ አገር "ቅርብ" አንድ ሰዓት የሚያስኬድ፤
ከውሰታ ወዲህ ልሁን ወዲያ ሳላውቀው፣
ፀሐይ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ጥላኝ ስትሄድ፣
ሸበጡ እግሬን ልጦት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤
እዚህ ላይ እንኳ ለምን እዋሻለሁ፣ ትንሽ አለቀስኩ።

ባጃጅ ቆመ። ሾፌሩ ልጅ እግር፣
"ምን ሆነሽ ነው፣ እታለም?" አለኝ፣ ሳይወርድ ከወንበር።
መንገዱን ሙሉ ዝም።
በሩ ላይ፣ ዝም ብሎ መውረድ ሲከብደኝ፣
"ስምህ ማነው?" አልኩት።
"አለኸኝ።"
"ማን?"
"አለኸኝ።"
ለራሴ ደገምኩት፣ እንዳይጠፋኝ፤
አለኸኝ። አለኸኝ።
ከዚያ ነው የደነገጥኩ፤ ለማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው ከተማ፣
እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሲወጣ በጆሮዬ ስሰማ።

መልስ ሰጥቶኝ ሄደ። ምንም አላወቀ።
አንዱ የኋላ መብራቱ አይሠራም፤ ሌላው ቀይ፣ ቀይ እያለ ራቀ።
ጸሐፊው ደጅ ቆሟል። "ብቻሽን ነሽ?" አላለም።
"ነይማ፣ ውሃው ሞቋል" አለኝ፤
ስሜን ይጥራ፣ ወይ "ግቢ" ይበለኝ፣
እስካሁን አልለየሁም።