አረፋ

ሥራዬ ጎማ ነው፤ ኮምቦልቻ መውጫ፣
በርሜል፣ ሞረድ፣ ሙጫ፣ የላስቲክ መቁረጫ።
የተነፈሰውን ከመነዳሪ አውጥቼ
ውሃ እነክረዋለሁ፣ ንፋስ ሞልቼ፤
አረፋ ከወጣ ቀዳዳው ታወቀ፣
ሞርጄ ለጠፍኩት፤ በቃ፣ ሥራው አለቀ።
አሥራ ስምንት ዓመት ይኸው ነው ዕውቀቴ፦
የሚያፈሰው የት ነው? ማግኘት በጣቴ።

የአረፋ ዋዜማ፣ በጉ ደጅ ታስሮ፣
ሰዓዳን ምጥ ያዛት፣ ሌሊት ተሻግሮ።
«ሴት ናት» አለች ነርሷ። ዝም አለች ቀጥላ።
ፎጣውን ገለጠች ከፊቷ ላይ፣ ኋላ።
ላይኛው ከንፈሯ፣ እስካፍንጫዋ ሥር
ተከፍቶ ነበረ፣ እንደ ተረሳ በር።

«ላንቃዋም ክፍት ነው» ስትለኝ፣ እኔ ምስኪን
በምላሴ ዳሰስሁ የገዛ ላንቃዬን።
ሠላሳ አራት ዓመት ጣሪያ እንደነበረኝ
ልብ ብዬ አላውቅም፤ ያን ለት ነው የታየኝ።

እናቷ ጡት ሰጠች። ሞከረች፣ አቃታት።
የደረሳት ጥቂት በአፍንጫዋ ወጣ፣
ነጭ፣ ድቡልቡል ሆኖ፤ ፈነዳ፤ ሌላ መጣ።
ቆሜ አያለሁ፣ በርሜሌን እንደማይ፤
ቀዳዳው ታውቆኛል፤
ሙጫው የታል? ወይ!

«ስሟ ማን ይባላል?» አለች ካርድ ለመሙላት።
አፌ ላይ የነበረ አንድ ቃል ሰጠኋት፦
«አረፋ።»
በዓሉን መሰላት።

ጎረቤቱ መጣ፣ «አብሽር» ሲል፣ «አብሽር»፣
ለወደቀ ጥርስም፣ ለወደቀ አገር
ያው አንድ ቃል ናት።
አክስቴ ብቻ ነች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ማን ላይ ስቀህ ነበር?» ያለችኝ፣ ሲነጋ።

አውቅ ነበር እኔም።
አያ ጦለሃ ላይ፤ ጋሪ የሚነዳው፣
ከንፈሩን በፎጣ ሸፍኖ የሚሄደው።
ከትምህርት ቤት ወጥተን ከኋላው ስንሮጥ
አፍንጫ ይዘን ነው ድምፁን የምንሰርቅ።
ከሁሉ ጎበዙ እኔ ነኝ፤ አስመስዬ
ሰፈሩን የማስቅ፦ «ናልኝ፣ ፈረስዬ!»

ሰባት ቀን አመሸሁ፣ ሥራ አለብኝ እያልኩ፣
የተለጠፈውን ደግሜ እየለጠፍኩ።
በስምንተኛው ቀን፣ ፈረሱን አቁሞ
አያ ጦለሃ መጣ፣ ጎማ ተሸክሞ።
ሰምቷል፤ እዚህ ከተማ ወሬ እግር አለው።
ፎጣውን ከአፉ ላይ ቀስ ብሎ አወረደው።

«ቁጭ አድርገህ አጠጣት፤ አስተኝተህ አይሆንም።
በማንኪያ፣ በጠብታ፤ ካልዋጠች አትጨምር።
አባቴ ሁለት ክረምት ቁጭ ብሎ ነው ያደረ።
ለእኔ ሐኪም አልነበረ፤
አባት ግን ነበረ።»

ቃሉ በአፍንጫው ነው፤ አንድም አላመለጠኝ።
ይቅርታ ልለው ስል ምላሴ ከዳኝ።
ሂሳቡን ተው ብለው ፊቱ ተቆጣ፦
«ያመጣሁት ጎማ ነው» አለ፤
ከፍሎኝ ወጣ።

ደሴ ሐኪም አየን፦ «አምስት ኪሎ ትሙላ፤
ከንፈሯ መጀመሪያ፣ ላንቃዋ ግን ኋላ።»
እሷ ሦስት ከሁለት ናት።

አሁን ሌሊት ነው። የጅቡቲ መኪና ሲያልፍ
ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል።
ሰዓዳ ተኝታለች፣ ተራው የእኔ ነው።
አንገቷን በመዳፌ ደግፌ፣ ቁጭ አድርጌ
ማንኪያዋን አጋድማለሁ።
ሙጫ የለመደ ጣት ለዚህ ይሻክራል።
አረፋ ይወጣል። እጠርጋለሁ። ደግሞ።
እቆጥራለሁ፦
አሥራ ሦስት ወረደ።
አሥራ አራት ወረደ።
አሥራ አምስተኛው ፈሰሰ።

ከአንድ እጀምራለሁ።