አጠፋች

አርባ ስምንት ልጆች፣ ዐሥራ ሁለት ታብሌት፤
አንዱን ለአራት አካፈልኩ፣ ወረፋ እንደ ዳቦ ቤት።
ዘበኛው ጋሽ አመንሲሳ፣ መብራት ሌሊት ሲመጣ፣
ዐሥራ ሁለቱን በተርታ ይሰካል፣ እንዳይቀር አንዱ ሳይጠጣ።
ክፍላችን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲወርዱ ነው፤
በመስኮቱ ቡልዶዘር ይገባል፣ ማለቴ ድምፁ ነው።

«ሰፈራችሁን ሣሉ» አልኩ፤ ክፍሉ ወዲያው ተንጫጫ።
ነቢል አውቶቡስ ሠራ፣ ጎማው ሦስት፣ ቀለሙ ቀይና ብጫ።
ባልዲውን ነክቶ ኢዮስያስ ሰማዩን ባንዴ ሞላው፤
ድሮ ስንት ከለር ይጨርስ ነበር፣ እናቱን የሚያስቆጣ ያ ሥራው።
ሶልያናና ፌቨን ተጣሉ፦ «የኔ ንብርብር ነው፣ አትንኪው!»
«አንቺ ከታች ነሽ!» «አይደለሁም!» «እሺ ሲያልቅ ያንቺን ደብቂው!»

ረድኤት ግን በመስኮቱ በኩል፣ ቃል አይወጣት፣ ዝም።
ተራ የሚጠብቁት ሦስቱ ሲጎነትሏት እንኳ ዞር አላለችም።
ጣቷን ከዴስኩ ጠርዝ ላይ መታ፣ መታ ታደርጋለች፣
ከዚያ ወደ መስታወቱ፣ ደግሞ ተመልሳ ትመታለች።
«ምን ሆነሻል?» ብዬ ሳልጠይቅ ደወሉ ተደወለ።
ሥራዋን ስከፍተው ነጭ። አንድ ነጥብ እንኳ የለ።
ዜሮ ከዐሥር፣ መዝገቤ ላይ፣ በቀይ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ሃያ ዓመት ጠመኔ የበላ ሰው በነጭ ገጽ አይደነግጥም።

ማታ፣ በመምህራን ማረፊያ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣
አንዲት ምልክት ነካሁ ሳላውቅ፤ ጣቴ ገና ፊደል የማያነብ።
ለካ ዕቃው ቂመኛ ነው፣ የጠፋ አይጠፋበትም፤
ከፊተኛዋ ጭረት ጀምሮ አንዲት አትቀርበትም።

መጀመሪያ «ፀ»፣
ወፈር ያለ፣ ጥላ የጣለ «ፀ»፤
ከዚያ «ጉር»፣ ከዚያ «ቤት»፣
ከሥሩ መቀስ፣ አፉን የከፈተ።
ጠፋ።
«ጁስ አለ»፤ አቮካዶው ሁለት ቦታ ተከፍሎ፣
ገለባው ጠመም ብሎ።
ጠፋ።
«ጎሚስታ»፤
ጎማው ላይ የሚሥቅ ሰው ተቀምጦ።
ጠፋ።
«ልብስ እንሰፋለን። ዱቤ ነገ።»
ጠፋ።
በመጨረሻ መሰላል፣
ግድግዳ የሌለው፣ ማንም ያልወጣበት፣
ብዙ ቆየ።
እሱም ጠፋ። ከዚያ ያ ነጭ።

ያ መታ መታ አሁን ገባኝ፦
ብሩሽ ነው፣ በጣሳ አፍ ላይ
ትርፍ ቀለሙን ሲያራግፍ።
ዜሮውን ሰረዝኩት፤
በምትኩ የምጽፈው ቁጥር አጣሁ።

ሰኞ ወላጅ መጣ፤ ኮቱ ንጹሕ፣ ጥፍሩ ሥር አረንጓዴ፣
ጫማውን ጠረገ ሁለቴ፣ ደግሞ ጠረገ አንዴ።
«አጠፋች?» አለኝ ቀስ ብሎ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች።
«አዎን» አልኩት፣ «ይኸው ይዩ፤ አንድ ሳታስቀር አጠፋች።»

ቁጭ ብሎ አየ። ሲያልቅ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።
«የ‹ጉ› ቅጥያዋ አጠረች» አለ፤ ሌላ አልተናገረ።
ቆይቶ ግን፣ «እጅ አላት» አለ፣ ለራሱ እንደሚነግር ሰው፤
«ዛሬ ባነር በሜትር ነው፣ ማሽኑ ነው የሚተፋው።
ከጊዮርጊስ እስከ ዶሮ ማነቂያ የጻፍኩት ላሜራ ሁሉ
በኪሎ ሄደ፤ ቆራሌው ነው ያነበበው በሙሉ።»

ታብሌቱን አቀበለችው። ጣቱን አሳረፈ፤ ዝም። ደገመ፤ ዝም።
ሠላሳ ዓመት አኳራጅ የላሰው ጣት ለመስታወት አይታይም።
«መታወቂያ ላወጣ ስሄድም አሻራ የለህም አሉኝ» ብሎ ሣቀ።
ረድኤት አልሣቀችም፤ እጇ ውስጥ ጣቱ ሞቀ።
እፍ አለችበት አንዴ፣ ሁለቴ፣ በእርጥብ ትንፋሿ፤
ከዴስኩ ጠርዝ መታ፣ መታ፣
ከዚያ ነጩ ላይ ጥቁር መሥመር፣
ቀጭን ጀምሮ የሚወፍር፣
ሳይቸኩል ወርዶ ታጠፈ።

በሩ ላይ ሦስቱ ተደርድረው፦ «ቲቸር፣ ተራችን አለፈ!»
ሰውየው ቀና ሳይል፣
አንድ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣
«ቆዩ» አለ፣
«አልደረቀም።»