ትርፌ ሚዛን ላይ

በርገን ዛሬም ይዘንባል፤ ትናንትም ሲዘንብ ነበር።
ድንጋይ የለበሰው መንገድ፣ ጠብታ ለራሱ ሳያስቀር፣
ሰማይ የሰጠውን ሁሉ ይሸኘዋል ወደ ባሕር።

እኔ ከሌሊት ፈረቃ፣ ከዳቦ ቤቱ ምድጃ፣
ዱቄት በቅንድቤ ይዤ ስገባ፣ እናትሽ አጃ
ታማስላለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።
ሰማያዊው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፦
"ማክሰኞ። ግማሽ ሙዝ። አራት ማንኪያ አጃ።
ድንች ከነቅቤው። አንድ ጉራጅ ዓሣ።
ሌሊት ሆዷ ተነፋ። ሦስት ዳይፐር።
አራተኛውን ለመጻፍ እጄ እንቢ አለ።"

የበላሽው ሁሉ፣ ልጄ፣ እንደ ተቻኮለ እንግዳ
ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ በጓሮ በር ይወጣል፤
ሆድሽን ብቻ ወጥሮት፣ እንደ ከበሮ ቆዳ፣
ጭንሽን አክስቶት ይሄዳል።

ትርፌ ያልኩሽ እኔ ነኝ። "የባልቴት ስም" ብላ እናትሽ
ስቃብኝ ነበር፣ ያን ጊዜ፣ ገና ስታቅፍሽ።
አሁን ነርሷ ራግንሂልድ
ካልሲሽን ሳይቀር አውልቃ ሚዛን ላይ ታስቀምጥሻለች፤
ቁጥሩ እስኪረጋ ድረስ እስክሪብቶዋን ትነክሳለች።
ስምንት ኪሎ ከአራት መቶ። ባለፈው ስምንት ተኩል ነበር።
ስምሽን የሚፈታ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ የለም፤
እኔ ግን ሳቅ መጣብኝ፤ ደግ ሳቅ አይደለም፤
ትርፌ ብሎ ሰይሞ በየወሩ ኪሳራ መቁጠር!

ቅዳሜ በአዳራሹ ያገር ልጆች አይተውሽ
ከንፈራቸውን መጠጡ። እትዬ አስካለ ክንድሽን
በሁለት ጣቷ ለክታ
"እቤታችሁ አይበላም እንዴ?" አለች።
እናትሽ አልመለሰችም።
የኮፍያሽን ክር አሰረች፣ ፈታች፣ ደግማ አሰረች።

ወይ ቋንቋ! ሐኪሙም ያለን ይኸንኑ ቃል ነው፦
"አንጀቷ ምግቡን መምጠጥ ሳያቅተው አልቀረም።"
ያ ሁሉ ከንፈር መምጠጥ ምናለ ለአንጀትሽ በሆነ!

"ካንሼ" ይላል ሐኪሙ፤ በነሱ አፍ ምናልባት ነው።
ምናልባት ስንዴው ነው። ምናልባት ወተቱ። ምናልባት ሌላ።
ደግሞ፣ "ቀጠሮው እስኪደርስ ዳቦ እንዳትከለክሏት፤
ካቆመች በዳዩ ይሰወራል፣ ምርመራው አያገኘውም" አለ።
ሦስት ሳምንት።
ሌባው እንዲያዝ ብለን በራችንን ከፍተን እንተኛለን።

እንጀራዬ ዳቦ ነው። የዚህን ቤት ኪራይ
የሚከፍለው ዱቄት
ካንቺ ተጣልቶ ይሆን?
እጄን አምስት ጊዜ ታጥቤ፣ በገዛ እጄ ያቦካሁትን
ጠዋት ጠዋት ቆርሼ እሰጥሻለሁ።
አንቺ ትስቂያለሽ።
ጥፍሬ ስር የቀረችውን ሳይቀር ፈልገሽ ትልሺያለሽ።

አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ፣ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ፣
አረንጓዴ ሽበት አለ። የጫማዬን ክር ሳስር ነካሁት፤
ውሃ ጠጥቶ አብጧል።
ለእናትሽ አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ዛሬ ደግሞ ቁራሽሽን ጥቂት አኝከሽ፣ አኝከሽ፣
በምራቅሽ የራሰውን አፌ ውስጥ ከተትሽው።
"እንካ!"
በሁለት ጥርስሽ ሳቅሽ።
አንጀቴን በላሽው፣ ትርፌ፤
ያንቺን ማን እንደሚበላው ሳላውቅ።
ዋጥኩ። ደብተሩን ሳብኩት። ውጭ አሁንም ይዘንባል።

"ሐሙስ። አንድ ቁራሽ ዳቦ።
ግማሹን አባቷ በላ።"