ጅጅጅ

ከዚራ፣ ከኒሙ ዛፍ ትይዩ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ባጃጅ እንኳ ጥላ ፍለጋ በሚሸሽበት ፀሐይ፣
ረምዚና እኔ ተኳረፍን።
በብር አይደለም፤ በቤት ኪራይ፣ በሴትም አይደለም፤
በኤዲተር ነው።
አቦ! ለሰው ብነግር ማንም አያምንም።

የሱ ባለ ቀለም ነው፤
ቃል ጀምረህ ስትተነፍስ ቀድሞህ የሚጨርስ፣
እንደ ታይዋን ገበያ ሸቀጡ ከጎንህ የሚፈስ።
የኔ ጥቁር፣ ባዶ፤ ማውስ የማያውቅ ገዳም፤
ስንቱ ገብቶበት፣ መውጫው ጠፍቶት፣
ሶኬት ነቅሎ ተገላገለ እንጂ በደህና አልወጣም።

«መቃብር ነው» አለኝ።
«ያንተስ ሱቅ ነው፣ ሰነፍ የሚርመሰመስበት»
አልኩት።
ምሳውን ትቶ ወጣ፤ ሩዙንም ዝንብ ወረሰበት።

በማግስቱ ሸምሲያ፣ ከምድር ቤት፣ ማመልከቻ አጻፈችኝ፤
ቆጣሪው አየር ቆጥሮ
ሦስት ሺህ ብር እንዳስከፈላት እየማለች ነገረችኝ።
ጻፍኩ፤ አተምኩ፤ ወሰደች፤ ከቀትር በፊት ተመለሰች፤
«አንተ፣ ‹ውሃው ሳይመጣ ጅጅጅ› ምንድን ነው?
ቢሮው ሁሉ ሳቀብኝ» አለች።

ምን ልበላት?
እኔ ዘንድ «ጅ» ማለት «ውረድ» ነው፤
ሦስቴ ሲሆን ሦስት መስመር ወደ ታች።
እኔ አላዘዝኩትም፤ ጣቴ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት የለመደው፤
እግር በጨለማ ደረጃውን ቆጥሮ እንደሚወርደው።

ጋሽ ወርዶፋ ትዝ አለኝ፣ የምድር ባቡር ሞራጅ፤
አቴሊዬው ከተዘጋ በኋላ
ሞረዱን በካልሲ ጠቅልሎ አልጋው ሥር የሚያኖር፣
የማያበድር፣ እንኳን ለባዳ ለልጅ።
አንዴ ተደብቄ ብይዘው፣
እጀታው በአውራ ጣቱ ልክ ተቦርቡሮ፣
የኔ ጣት ዋለለ፣ በሰው ቤት እንዳደረ እንግዳ ተቸግሮ።

ከዚያ የረምዚ ግራ እጅ።
ጣቱ ሦስት ነው፤
ሁለቱን የብሎኬት ማሽን ወስዶበታል።
ስድስት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጬ አይቼዋለሁ።
ቀድሞ የሚጨርስለትን ነገር
«ሰነፍ» ያልኩት ትናንት ነው።

አሥር ሰዓት ላይ፣ ነፋሱ ከደቻቱ አሸዋ ይዞ ሲገባ፣
ደረጃውን ወጣሁ።
ረምዚ በኔ ወንበር፣ በኔ ጥቁር ገጽ ፊት፣
ላቡ ከጆሮው ሥር፤
ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ሲነካካ ቆይቷል መሰል።
«እንዴት ነው የሚወጣው፣ አቦ?» አለኝ ሳይዞር።

ወንበር ስቤ ከጎኑ ተቀመጥኩ።
ቶሎ አልነገርኩትም።