ጓዝ ሲታሰር

ሾፌሩ ላቀው ነው፤ «ሦስት ሰዓት» ብሏል፣
ጓዙ ግን ወለል ላይ ገበያ መስሏል።
ከሞጣ ቢቸና ለሰው ቅርብ አገር፣
ሩቅ ለብርጭቆ፣ ለሸክላ ነገር።

ሳህን ጠቀለልን በፈተና ወረቀት፣
ስምንት ዓመት ሙሉ በቀይ ባረምኩት።
ይታይሽ ገልጣ አየች፣ ሳቀች፦ «የደጊቱ ልጅ፣
ዜሮ ያስታቀፍከው፣
ድስቴን አቀፈልኝ፤ እሱ ነው ወዳጅ!»

አልጋው ሲፈታታ ቁልፍ ከሥሩ ወጣ፣
ሁለት ሳምንት ያኳረፈን፣ ዓምና የታጣ።
እሷም እኔን አየች፣ እኔም ግድግዳውን፤
ዝም ብለን አብረን አሰርን ፍራሹን።

ዶሮዋ ብቻ ናት ጓዝ አልሆንም ያለች፣
ቅርጫቱን ገልብጣ ቆጡ ላይ ወጥታለች።

ባልዲው ተጫነና ቀረች የባልዲው ቦታ፣
ሐምሌ የሚቆጥርባት ጠብታ በጠብታ።
በየትኛው ጆንያ፣ በየቱ ማዳበሪያ ትከተት?
በጠመኔ ቁራጭ ዙሪያዋን ከበብኳት፣
ስሙን የማላውቀው መጪው ተከራይ ያውቃት።

ጎረቤት የዝና ለስንብት አልመጣችም፤
ልጇን ለሸክም ልካ፣ እሷ ደጅ አልወጣችም።
ልጁ ከጓዙ ላይ ገመድ ሲያጠብቅ፣
መኪናው ተነሣ። ያኔ የዝና ብቅ፦
«አንለይ! ኧረ አንለይ!»
ነጠላዋ መሬት እየጠረገ፣
«ውረድ እንጂ ልጄ! አንለይ!»

ላቀው ፍሬን ረገጠ። ልጁ ዘሎ ወረደ፣
አቧራውን አራግፎ ወደ እናቱ ሄደ።
ይታይሽ መስተዋቱን ጭኗ ላይ አቅፋለች፤
ደጃችን እዚያ ውስጥ ሲያንስ ታያለች።
«አንለይ» አለች ቀስ ብላ፣
ልጁ ከወረደ በኋላ።