የአጥሩ ቀዳዳ

መጋቢት ገባ ይላል የግድግዳው ወረቀት፤
በረዶው አልሰማም፣ ግቢው ላይ ተጋድሟል እንደ ባለ ርስት።
ከኩሽናው መስኮት ሥር ካሜራዬን ይዤ፣
ክፉውን ጉልበቴን በወንበር ደግፌ፣ በክርኔ ተመርኩዤ
እጠብቃለሁ።

መጠበቅ አውቃለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት
አውቶቡስ ነድቻለሁ በኩኦፒዮ ከተማ፣ በጭጋግ፣ በውርጭ፣ በሌሊት፤
በመስታወት ሰርቄ ሰው ሳይ ነው የኖርሁ፣
ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንዳንቀላፋ አይቼ ዝም ያልሁ።
አሁን ተሳፋሪዬ ደረተ ቢጫ ወፍ ነው፤
ትኬት አይቆርጥ፣ ሰላም አይል፣
የሱፍ ፍሬው ካለቀ ግን መስኮቱን በአፉ ነው የሚደበድበው።

በሚያዝያ ማለቂያ ጣሪያው ማንጠብጠብ ጀመረ፤
ከማገዶው ክምር ሥር፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ደረቅ ቅጠል ተነሥቶ ተሰበረ።
ጃርት ወጣች። ትንሽ፣ ከጡጫ የማትበልጥ፣
ብርዱን በሙሉ አንዴም ሳትገላበጥ
የከረመች፤ አፍንጫዋ ጭቃ፣
አንድ ዓይኗን ገልጣ፣ ሌላው ገና ሳይነቃ።
ቀጭ አደረግሁ።
ፎቶው ላይ የወጣው የገዛ ጫማዬ ነው፣
ጥርት ብሎ፣ ክሩ እንኳ ይቆጠራል፤
ጃርቷ የለችም እንጂ ሁሉም ነገር አለው።

ሰኔ ላይ ሌሊት የለም፤ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ጎንበስ ትላለች፣
ዕቃ እንደረሳ ሰው ወዲያው ትመለሳለች።
ለአንዲት ቢራቢሮ ሁለት መቶ ጊዜ ተጫንሁ፤
አንድ ክንፍ አገኘሁ፣ የቀረውን ሰረዝሁ።
ሆዴ እርጥብ ሣር ላይ፣ አገጬ አፈር ነክቶ፤
ጎረቤት ቢያየኝ «ሂልካ ወደቀች» ይላል፣
አይጠይቀኝም እንጂ መጥቶ።

ጎረቤቴ ኤስኮ ነው። ዘጠኝ ዓመት አለፈን ቃል ሳንለዋወጥ፤
የፖም ዛፌን ክንድ «አጥር ዘሏል» ብሎ በመጋዝ ቢቆርጥ፣
እኔም አናጢ ጠራሁ፤ ሳንቃ በሳንቃ ላይ፣ ምስማር በምስማር፣
ድመት እንዳታልፍ፣ ነፋስ እንዲቸገር።

በመስከረም ወር ከጡረታዬ ቆጥቤ
በጨለማ የምታይ ካሜራ ገዛሁ፤
ከአጥሩ ሥር አቆምኋት፣ በድንጋይ ከብቤ።
ጠዋት ካርዷን አወጣሁ፣ መነጽሬን አደረግሁ።
ከሌሊቱ ስምንት ከሩብ፦ ጃርቷ፤ ወፍራለች፣ ጀርባዋን አየሁ።
ስምንት ከሃያ፦ የኋላ እግሯ ብቻ፤ ሌላው በቀዳዳ ሾልኳል።
ስምንት ከሃያ አንድ፦ ከቀዳዳው ማዶ የሰው እጅ፣
ባለ መስመር ፒጃማ፣
ሳህን መሬት አስነክቷል።

ወጥቼ ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴ ጮኸ፣ ተውሁት።
የቀዳዳውን ጠርዝ በጣቴ ዳሰስሁት፤
ጥርስ የበላው አይደለም፣ ጥፍርም አልጫረው፤
ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ። መጋዝ ነው።
ያው መጋዝ።

ጥቅምት። የዛፉ ቀይ ፍሬ ውርጭ መትቶት ፈልቶ
ባለ ቁንጮ የወፍ መንጋ በላ፣ ሰከረ፣
ሣሩ ላይ ተዘረጋ ክንፉን ከፍቶ።
አውቃቸዋለሁ እነዚህን! የቅዳሜ ሌሊት፣ የመጨረሻው አውቶቡስ፦
አንዱ የሚዘፍን፣ አንዱ የሚከራከር፣
አንዱ የማያውቀውን ትከሻ የሚንተራስ።
ብቻዬን ሳቅሁ፤ ድምፄን ሳልቆጥብ።
ከአጥሩ ማዶም ሳቅ መጣ፣ ጎርናና፣ ከደረት የሚሳብ።
ሁለታችንም ዝም አልን፣
ልክ እንደተያዘ ሌባ።

ማታውን ቅጠል በጋሪ አመላለስሁ፤
ከቀዳዳው አጠገብ፣ ብርዱ ሳይጠና፣ ጉልበቴ ድረስ ከመርሁ።
«እንደምን አመሸህ» ማለት ምን ይከብዳል?
ይከብዳል።
ሲነጋ ክምሩ ወገቤ ደርሷል፤
ከላዩ የበርች ቅጠል አለ፣ ወርቅማ፣ ገና ያልረገፈ መስሎ፤
እኔ ግቢ በርች አይበቅልም።
ካሜራዋን ከፈትሁ።
ባትሪዋ አልቆ ነበር። ፎቶ የለኝም።